ቦታው የኔ፣ የቆመው ሌላ፣ ቅጣቱ ለኔ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ መርካቶ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ በወር ተከራይቻለሁ። ኪራዩን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ባለፈው ሐሙስ (ገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጅ እንኳ መተላለፊያ አጥቶ ነበር) ስመጣ ቦታዬ ላይ የማላውቀው ፒካፕ ተገትሯል። ዘበኛው «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብለውኝ ነው» አለኝ። መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ባለ ፒካፑን ሱቅ ለሱቅ ስፈልግ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ የቅጣት ወረቀት ጻፈልኝ።

በእሱ አልፈርድም። እሱ የሚያየው መኪናው የቆመበትን እንጂ እኔ የተከራየሁትን አይደለም። ቅጣቱን ከፍዬ፣ ደረሰኙን ይዤ አከራዬ ዘንድ ሄድኩና ከኪራዩ እንዲቀንሱልኝ ጠየቅሁ። «ከቆመው ሰው ጋር ተነጋገር» አሉኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር? ውል ያለኝ ከእሳቸው፣ ገንዘቡንም የሚቀበሉት እሳቸው!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስን ይፈቅዳል። ግን ለአንድ ፒካፕ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ደግሞ የኔ ውል የቃል ነው፣ ጥፋቴም እዚያ ላይ ነው። የፒካፑን ታርጋና ሰዓቱን በስልኬ ፎቶ ማንሳት እንኳ ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን «ቦታው በሌላ ከተያዘ ቅጣቱን አከራይ ይችላል» የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጥቻቸዋለሁ። እስካሁን አልፈረሙም። ሰንሰለትና ቁልፍ ግን ገዝቻለሁ።

ከጅማ፣ አንድ አንባቢ