ይድረስ ለአዘጋጁ፦ መነቃቃቱ ሰማይ ሰማይ ብቻ አላሳየም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ዕትማችሁ አንድ ጸሐፊ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪዎች ሕዝቡን ወደ ንስሐ የጠሩበት የአሜሪካ መንፈሳዊ መነቃቃት ሰውን ሰማይ ሰማይ እያሳየ የምድሩን በደል አስረሳው ብለዋል። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቻርልስ ፊኒን እንውሰድ። የሕግ ሥራውን ትቶ ሰባኪ የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 መገባደጃ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለችው ሮቸስተር ገባ። ጀልባዎች ዕቃ የሚያመላልሱበት የኢሪ ቦይ ከተከፈተ ገና 5 ዓመቱ ነው፣ ከተማዋ በንግድ ደርታለች፣ ውስኪም እንደ ልብ ነው። ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ለተቀመጡት ሰዎች፣ መምረጥ ትችላላችሁ፣ ዛሬውኑ ምረጡ ይላቸው ነበር። ለእኔ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ኃጢአቱን መተው እችላለሁ ብሎ ያመነ ሰው፣ የአገሩንም ኃጢአት ዕጣ ፈንታችን ነው ብሎ አይቀበልም።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ምሽት የፊኒ ተከታይ የሆነው ቴዎዶር ዌልድ ሮቸስተር ላይ ስለ መጠጥ ለሰዓታት ተናገረ። በማግስቱ ነጋዴዎች የውስኪ በርሜሎቻቸውን ወደ ጎዳና አንከባለው ሰባበሩ! የገዛ ንብረታቸውን ነው እንግዲህ።

ዌልድ በዚህ አላበቃም፣ ቀጥሎ ስለ ባርነት የተማሪዎችን ክርክር መራ። በ1834 ሲንሲናቲ በሚገኘው የሰባኪዎች ማሠልጠኛ፣ በሌን ሴሚናሪ፣ እሱና ሌሎች ተማሪዎች ስለ ባርነት 18 ምሽት ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ ብዙዎቹ ባርነት አሁኑኑ ይወገድ አሉ፣ ወደ ከተማው ጥቁሮች ሰፈር እየወረዱም ማስተማር ያዙ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ደነገጠ፣ ከለከላቸው። ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ ኦበርሊን የሚባል ኮሌጅ ገቡ፣ ኦበርሊንም በ1835 ጥቁር ተማሪዎችን ለመቀበል ወሰነ። ፊኒ ራሱ እዚያ አስተማሪ ሆኖ መጣ።

ሁሉም እንዲህ ነበር አልልም። ፊኒ ባሪያ አሳዳሪዎችን ከቁርባን ቢከለክልም፣ የባርነት ጉዳይ መነቃቃቱን እንዳይውጠው ይሰጋ ነበር። በዚህ ተማሪዎቹ በልጠውታል ባይ ነኝ። በደቡብ ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ለባርነት የተሟገቱ ሰባኪዎች ሞልተው ነበር፣ በዚሁ ጠብ ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845 ለሁለት ተከፈሉ። ጸሐፊው የደቡቡን ጉድ መጻፋቸው ትክክል ነው። ግን ስለ ሌን ተማሪዎችም በሚቀጥለው ዕትም ቢጽፉልን፣ ካልሆነም ይህችን ደብዳቤ ብታወጡልኝ።