እህትዓለም፣ ከአራት ዓመት በኋላ

ሀዋሳ፣ ጥር መጨረሻ

እህትዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆችሽስ? ትንሹ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል መሰለኝ። ወደ አዳማ ስትሄጂ ገና አዝለሽው ነበር።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም። መርዶውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን መምጣት እችል ነበር። በጠዋት ብነሳ ለምሳ አዳማ ነኝ። ለአርባቸው እሄዳለሁ አልኩ፤ የተማሪዎች ፈተና መጣና አለፈኝ። ከዚያ ስልክ ማንሳቱን አፈርኩ። ቀን በጨመረ ቁጥር እፍረቱ ባሰ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። እናትሽ ልጄ እያሉ ቡና ያጠጡኝ ሰው ናቸው። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አሁን እንድጽፍልሽ ያደረገችኝ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መስከረም ላይ ከሦስት አገር መምህራን ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። የተገናኘነው በአንድ የኦንላይን ሥልጠና ላይ ነው። አንዷ ኬንያ ውስጥ ኪሱሙ ታስተምራለች፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። አንዱ የፊንላንድ ሰው ነው፤ ኩኦፒዮ የሚባል ሐይቅ የከበበው ከተማ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሌላዋ ከፖርቱጋል አቬይሮ ናት፤ የባሕር ውሃ ወደ የብስ ገብቶ የተኛበት፣ ጨው የሚመረትበት ቦታ። እኔ ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ። አራታችንም ውሃ ዳር ነው የምናስተምረው። ስለዚህ ልጆቻችን በወር አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ የየራሳቸውን ውሃ ይለኩ፤ ያዩትን ይጻፉ፤ ይለዋወጡ አልን።

መጀመሪያ ያስቸገረን ሰዓት ነበር። ስብሰባውን ጠዋት ሦስት ሰዓት እናድርገው አልኩ። ቀጥዬ በእናንተ ዘጠኝ ማለት ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር የኬንያዋ ሳቀች። ለካ በስዋሂሊም እንደኛው ነው! ሰዓቱ ከንጋት ነው የሚቆጠረው። ጠዋት ላይ "ሳአ ታቱ" ካሉ የኛ ሦስት ሰዓት ነው። ጎረቤት ሆነን እስከዚያ ቀን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደግሞ ፊንላንድና ፖርቱጋል ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ። የኛና የኬንያ አይለወጥም። ያን ቅዳሜ እኔና እሷ ሌሎቹን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅናቸው። እንዲህ ሆኖ ነው ስለ ዓሣ ያወራነው። እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ እነሱም ጋ አለ። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው ግን በሰው እጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። የጥንቱ የአገሬው ዓሣ ዛሬ እንደልብ አይገኝም አለችኝ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው የኛስ ሐይቅ ብለው ጠየቁ።

የትምህርት ዘመኑም አይገጥምም። ኬንያ በጥር ይጀምራሉ፣ ፊንላንድ በነሐሴ፣ እኛና ፖርቱጋል በመስከረም። ደምረን ቀንሰን ለዋናው ልኬት የካቲትና መጋቢትን ያዝን።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው የፊንላንዱ መምህር ነው። ጥንቁቅና ጨዋ ሰው ነው። ረቂቁ ላይ የልጆቹ ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል። ሁላችንም ተስማማን። እኔም ተስማማሁ። ያለዚያ በምን እንግባባለን?

ክፍል ገብቼ ስሞክረው ግን ሌላ ነገር አየሁ። እጃቸውን ያወጡት ያው አምስቱ ልጆች ናቸው። አስጠኚ የተቀጠረላቸው፣ ቤታቸው ፊልም የሚያዩ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ግን ስለ ሐይቁ የጻፉት ከመጽሐፍ የቀዱትን ነው። ሌሎቹ ሃምሳ ልጆች ዝም አሉ። ዝም ካሉት አንዷ እናቷ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷም እዚያው ዓሣ ትበልታለች። ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ሐይቁ ትልቅ ነው።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "ለማታውቂው ሰው አድርገሽ አታስቢው፤ ለጓደኛሽ እንደምትጽፊ ሁኚ" አልኳት።

"ለጓደኛ ጽፌ አላውቅም" አለችኝ። ቀጥላ "ቲቸር፣ እርስዎ ለማን ነው የሚጽፉት?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ።

ከዚያ "በሲዳሙ አፎም ይሁን በአማርኛ፣ እንደመጣልሽ ጻፊ" አልኳት። በማግስቱ ሁለት ገጽ ተኩል ይዛ መጣች። ሐይቁ ጠዋት ለምን እንደሚተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ባለጀልባዎቹ ለምን ቶሎ እንደሚመለሱ ጽፋለች። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ እንደሚነሳ ጽፋለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የትኛዋ ሴትዮ አንጀቱን ቶሎ እንደምትጥል ለይተው ያውቃሉ፤ ከእሷ ፊት ነው የሚሰለፉት ትላለች። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አስቀመጠች። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ለምን ጨው አልሆነም?

እህትዓለም፣ ይህን ጥያቄ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት የጠየቀችው። ሻላና አቢጃታ እዚሁ መንገዳችን ላይ ናቸው፤ እነሱም መውጫ የላቸውም፣ ውሃቸው ግን ጨው ነው፣ አይጠጣም። የኛ ሐይቅ ውሃ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፣ ጨዉንም ይዞት ይሄዳል ነው የሳይንሱ ማብራሪያ። ግን መልሱን አልነገርኳትም። ተርጉሜ ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች ላክሁት።

የአቬይሮ ልጆች ጥያቄውን እንደ ራሳቸው ያዙት። ጨው ማምረት የከተማቸው የቆየ ሥራ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ባሕሩን ያስገቡና ፀሐይ ውሃውን ሲወስደው ጨው ይቀራል። ሁለት ዕቃ ውስጥ ትንሽ ጨው ያለው ውሃ አድርገው አንዱን ከሥር በመርፌ በሱት። ሁለቱንም በየቀኑ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩባቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በፎቶ ላኩልን፤ ያልተበሳው ጠርዙ ላይ ነጭ ጨው ይዟል፣ የተበሳው የለውም። ልጅቷ ፎቶውን አይታ "እንግዲህ የኛም ሐይቅ የተበሳ ነው" አለች። ሃምሳ አምስቱም ልጆች አጨበጨቡላት።

ከኩኦፒዮም አንድ ልጅ ጻፈላት። እነሱ ጋ በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ሰው በላዩ ይሄዳል። አያቱ በረዶውን ቀድደው መረብ ከሥሩ ያስገባሉ አለ። ልጆቼ ይህን አላመኑም። ቪዲዮ ተልኮላቸው እንኳ ሁለት ቀን ተከራከሩ።

ይህን ሁሉ ይዤ ስብሰባ ገባሁና ተናገርኩ። ልጆቹ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጻፉ፣ ትርጉሙ የኛ የመምህራኑ ሥራ ይሁን አልኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የፖርቱጋሏ ወዲያው ደገፈችኝ። የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ቤቶች ትብብር ፕሮግራም ሲቋቋም በኮሜኒየስ ስም ነበር የተጠራው አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995። ኮሜኒየስ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቼክ መምህር ነው። ልጅ መጀመሪያ በእናቱ ቋንቋ ይማር ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ስሙን ይዘን ሐሳቡን ረሳነው አለች። የፊንላንዱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ እሱም ክፍል ውስጥ ቤታቸው ሶማልኛና ዓረብኛ የሚናገሩ ልጆች እንዳሉ ነገረን። እነሱም ዝም ከሚሉት ናቸው። ረቂቁን እሱ ራሱ አሻሻለው።

ሥራው በእጥፍ ጨምሯል፤ አልደብቅሽም። ማታ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው የምተረጉመው። ሲዳሙ አፎውን የሚያግዘኝ የባልደረባዬ ባል ነው። አንዳንድ ቃል ላይ እንጣላለን። መብራት ሲጠፋ በሻማ እጽፋለሁ። ግን ደስ እያለኝ ነው የምሠራው።

አንድ ሌላ ነገር ላይም ጠንክሬያለሁ። ስለ ዕቃ እርዳታ ተነስቶ ነበር፤ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ወደኛና ወደ ኪሱሙ ይላኩ ተባለ። ኮምፒውተር ያስፈልገናል። ግን ያ ለብቻው ይሁን፣ ከዚህ ሥራ ጋር አይቀላቀል አልን፣ እኔና የኬንያዋ። ልጆቻችን አንዴ ተቀባይ ከሆኑ ጠያቂ መሆናቸው ይቀራል።

ውሃውን የምንለካው በቀላል መሣሪያ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ። በገመድ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ ነው እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው። እኛ ከቀለም ባልዲ ክዳን ሠራነው። ሲሪያስ ሥራ ነው፤ ልጆቹ መዝገቡን ለማንም አያስነኩም።

መጓዙ ለጊዜው ቀርቷል። የቪዛው፣ የአውሮፕላኑ ወጪ አይቻልም። ኪሱሙ ብቻ ሕልም አይደለም፤ መንገዱ በዲላ በሞያሌ አድርጎ ይወርዳል። ወላጆች ገና ስላልተስማሙ ግን ቃል አልገባም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ትዝ ይልሻል፣ ግቢው ላይ ስምጥ ሸለቆን በአመድ ስለሽ ልጆቹን ከአፋር እስከ ጫሞ በእግራቸው ያስኬድሻቸው? ዘበኛው ማን አቆሸሸው ብሎ የተቆጣው? ያ ቀን ነው መምህር መሆን ምን እንደሆነ የገባኝ። የዚች ልጅ ጥያቄ ያንቺ ክፍል ጥያቄ ነው። አንቺ ደግሞ አዋሽ አለሽ፣ ቆቃ አለሽ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ነው የሚያልቀው፣ አቤ ሐይቅ ላይ። ያንቺ ልጆች አዋሽን ቢለኩ አምስተኛ እንሆናለን። በአፋን ኦሮሞ ይጻፉ፣ በአማርኛ ይጻፉ፤ ትርጉሙን አብረን እንካፈላለን። ሦስቱንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸዋል። ርዕሰ መምህርሽ ወረቀት ከፈለገ እልክልሻለሁ።

ስብሰባው ቅዳሜ በኛ አምስት ሰዓት ነው። ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርኩም። ካልፈለግሽ፣ ወይም ገና ከከፋሽ፣ አልቀየምም። ጊዜ ውሰጂ።

ሥራው ቢቀር እንኳ ይህ አይቅር፦ ለፋሲካ ልምጣ? አንድ ቀን አድራለሁ። እናትሽ ያረፉበት ድረስ ውሰጂኝ።

ያንቺው እህት