ጓንት መታጠብን አይተካም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን እናቴን ለማስታመም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሰንብቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ይገባል። አንዱን በሽተኛ ዳስሶ ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። እጁን አይታጠብም፣ አልኮልም አይቀባም። ተማሪዎቹም የሚያዩትን ነው የሚይዙት። አንዷማ በአንድ ጓንት ብዙ አልጋ አዳረሰች። እሷስ ራሷን ጠበቀች፤ በሽተኛውን ማን ይጠብቀው?

ጉዳዩ የቆየ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እናቶችን ያዋልዱ ነበር። ብዙ ወላዶች በትኩሳት ይሞታሉ። ዶክተር ሰመልዌይስ እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ ሲያዝ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልሰሙትም!

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው። በሽተኛ ከመንካት በፊትም በኋላም፣ አልጋውንና ዕቃውን ከነኩም በኋላ እጅ ይጸዳል። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል።

ባለሙያውን ብቻ መውቀስም ልክ አይደለም። ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ የዋርዱ ቧንቧ ይደርቃል። ውኃው ሲመጣ ደግሞ ሳሙና የለም። አልኮሉ ግን በድርጅቱ ቀመር ከኤታኖል፣ ከግሊሰሪንና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እዚያው ሆስፒታል ሊዘጋጅ ይችላል። በየአልጋው ግርጌ አንድ አንድ ጠርሙስ ይቀመጥ። ሲኒየር ሐኪሞች ቀድመው ይቀቡ። እኛ አስታማሚዎችም «ዶክተር፣ እጅዎን» ስንል እንደ ድፍረት አይቆጠርብን።

አስታማሚ፣ ከባሕር ዳር