ጋዙ የት ሄደ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ። ደረሰኝ ሳላገላብጥ አልከፍልም። እንዲህ ነኝ ባይዋ ሴትዮ በገዛ ቤቴ ለአንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው። እውነቱን ለመናገር ብሽቀቴንም ለማውጣት ነው።

ነገሩ የመኝታ ቤቴ ኤሲ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣው ነው። ሙቀቱ ገና ሲጀምር ነፋስ እንጂ ቅዝቃዜ አልሰጥ አለኝ። የመጣው ወጣት ውጪ ባለው ማሽን ላይ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሰካ፣ አየት አደረገና "እማማ፣ ጋዝ ጨርሷል" አለኝ። ሞላልኝ፤ ቀዘቀዘ። መርቄ ሸኘሁት። አምስት ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ። ሁለተኛው ባለሙያም ጋዝ ጨርሷል ብሎ ሞላ። ሦስተኛ ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ መልሼ ጠራሁት፤ እሱም ሞላ። እኔ እንደ ምድጃ ጋዝ በሠራ ቁጥር የሚቃጠል መስሎኝ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

አራተኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መሣሪያቸውን ሳያወጡ ታሪኩን ከመጀመሪያ አስነገሩኝና፣ "ታዲያ ጋዙ የት ሄደ?" አሉኝ።

"አለቀ ተባልኩ።"

"እህቴ፣ ይሄ ጋዝ አያልቅም። ይዞራል እንጂ።"

የኤሲ ጋዝ በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ከቤት ወደ ውጪ፣ ከውጪ ወደ ቤት ሲመላለስ የሚኖር ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል። ኮምፕሬሰር የሚባለው መጭመቂያ ጨምቆ ወደ ውጪው ክፍል ይልከዋል፤ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ምንም የሚቃጠል ነገር የለም። ጋዙ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው።

ሰውየው ሳሙና በውሃ በጥብጠው አረፋ አወጡና በስፖንጅ መገጣጠሚያዎቹን ቀቡ። ቱቦው ከውጪው ማሽን ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ሥር ትንንሽ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ለሦስት ክፍያዬ ምክንያቱ ያ ነበር! የቱቦውን ጫፍ ቆርጠው አፉን እንደገና አሰፉት፣ መልሰው አሰሩት። ከዚያ ናይትሮጅን አስገብተው ግፊቱ መያዙን አዩ። ቀጥለው በፓምፕ ቫክዩም አደረጉ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን አየር መጥጠው አወጡ፤ ቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት ከቀረ ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል። መጨረሻ ላይ የጋዙን ሲሊንደር ሚዛን ላይ አስቀመጡ። የማሽኑ ጎን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ 950 ግራም ይላል፤ 950 ግራም ሞሉ። የቀደሙት ሁለቱ ሚዛን የሚባል ነገር ይዘው አልመጡም ነበር።

የከፈልኳቸው ከአንድ ሙሊት ይበልጣል፣ ከሁለት ያንሳል። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ስለ ጋዙ ዓይነትም ተማርኩ። ዋጋው የሚለያየው በዚያ ስለሆነ እሱንም ልጨምር። ጽሑፉ ላይ አር-22፣ አር-410ኤ ወይም አር-32 ተብሎ ታገኙታላችሁ። አር-22 አሮጌዎቹ ውስጥ ያለው ነው። የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ዓለም እየተወው ነው። ገበያ ላይ እየጠፋ የሚሄድ ጋዝ ደግሞ እየረከሰ አይሄድም። "የለም፣ በአር-410ኤ እንተካልህ" የሚል ካለ እሺ አትበሉ። የአር-410ኤ ግፊት ከአር-22 በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ዘይቱም ሌላ ነው። ለዚያ ግፊት ያልተሠራ ማሽን አይችለውም። የእኔው አር-410ኤ ሲሆን ኦዞንን አይነካም፣ ግን አንድ ኪሎው ወደ አየር ሲለቀቅ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። ለሦስት ጊዜ ሙሊት ከፍዬ ሰማይ ላይ ስለቅ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ከእኔ የባሰ ሊደርስበት ነበር። ውጪ ያለው ማሽን "እምም" ይላል፣ ማራገቢያው አይዞርም። ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ከምታድስ አዲስ ግዛ ተባለ። እኔ ሰውየውን ላክሁለት። የሞተው ካፓሲተር የምትባል የጣሳ ቅርጽ ያላት ትንሽ ዕቃ ነበረች። ሞተሩን የምታስነሳው እሷ ናት። ዋጋዋ ሰውየው ለመምጫ ከጠየቁት ያንሳል። ኮምፕሬሰር ተቃጠለ ስትባሉ "ካፓሲተሩ ተለክቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ ግን እንዳትነኳት፤ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዛ ትቆያለች።

ኮምፕሬሰሩ እውነትም ከሄደስ? እሱ የማሽኑ ልብ ነው፣ ከሁሉም ውድ ነው። መጀመሪያ ዋስትናውን ፈልጉ። ብዙ አምራቾች ለኮምፕሬሰር ከሌላው ዕቃ ረዘም ያለ ዋስትና ይሰጣሉ። የጉልበትና የጋዝ ሒሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ ነፃ ነው ብሎ የጠበቀ ሰው ደረሰኙን ሲያይ ይደነግጣል። አንድ ኤሲ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። የእኔ ስሌት ይህ ነው፦ ከ10 ዓመት ካለፈና ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ከጠየቀ፣ ለአሮጌው አላወጣም።

ያለ ምንም ወጪ የሚፈታም አለ። ፊልተሩን፣ የአየር ማጣሪያውን ማለቴ ነው፣ በወር አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እጠቡ። ሲደፈን አየር አያልፍም፣ ቱቦው በረዶ ይሠራል፣ ከዚያ አይቀዘቅዝም፤ ይህንንም "ጋዝ ነው" የሚል አይጠፋም። በረዶ ካያችሁ አጥፍታችሁ አሟሙትና ፊልተሩን አጥባችሁ ሞክሩት፤ ተመልሶ በረዶ ከሠራ ያኔ ሰው ጥሩ። ግድግዳው ላይ ውሃ የሚንጠባጠበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኖ ነው። ይህን ሁሉ የምለው እኔ፣ አንድ ጊዜ ሪሞቱ ነፋስ ብቻ የሚለው ላይ ሆኖ ሰው አስጠርቼ የመምጫ ከፍያለሁ። ልጁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሄደ። ለልጆቼ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ደረሰኙን ሳላነሳ አልጨርስም፣ ሙያዬ ነው። የእኔ ሦስት ደረሰኞች ላይ የተጻፈው "ጥገና" ብቻ ነው። ምን ጥገና? መምጫው፣ ምርመራው፣ ዕቃው፣ ጉልበቱ፣ ጋዙ በግራም፤ እያንዳንዱ በየመስመሩ ይጻፍ። ዕቃ ከተለወጠ አሮጌው ይሰጣችሁ። ይህን ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ፤ ሲያልቅ ከሆነ ጭቅጭቅ ነው። ጉልበት ላይ ግን አትከራከሩ። በፀሐይ፣ ፎቅ ላይ፣ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው የልፋቱን ይገባዋል።

የመጀመሪያውን ልጅ በቅርቡ መንገድ ላይ አገኘሁትና ስለ ዳዶው ነገርኩት። አፈረ። "እማማ፣ በሙቀት ወቅት በቀን ስምንት ቤት እላካለሁ፤ አረፋ እስክቀባ ማን ይጠብቀኛል? ደንበኛውም ስልክ ላይ የሚጠይቀው መሙያው ስንት ነው ብሎ ነው" አለኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የደወልኩት። ቀኑ፣ የጋዙ ዓይነትና ግራሙ ያለበት ወረቀት አሁን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ማሽኑ ጎን ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛ መስመር አልተጻፈበትም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ ሒሳብ መርማሪ