ግድቡ ያለው ከኛ በታች ነው

ሰላም አዘጋጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው ስለ አባይና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻው አካባቢ ግድቡ ስላለ የዝናቡ መዛባት ብዙም አያሰጋም የምትል ነገር ጣል አድርጋችሁ አልፋችኋል፣ ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ማንን ነው ማያሰጋው? እኔ መራዊ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፣ ቱቦም እሸጣለሁ፣ አባይን ማውቀው በዛ በኩል ነው።

ህዳሴው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ አባይ ደግሞ በአማካይ በዓመት ድንበር ተሻግሮ ሚሄደው ወደ 50 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ በቃ አንድ ዓመት ተኩል የሚጠጋ ውሃ ያጠራቅማል ማለት ነው፣ ያውም አብዛኛው ውሃ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው ሚወርደው። ስለዚህ አንዱ ዓመት ዝናብ ቢቀር ሌላው ቢያጥለቀልቅ ግድቡ እያቻቻለ ይለቃል፣ ተርባይኑም ሱዳንም ግብጽም ይጠቀማሉ፣ ደስ ይላል፣ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ። ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከኛ በታች። አባይ ከሚመነጭበት ሰከላ ላይ ለሚያርስ ሰው አንድ ጣሳ ውሃ ሽቅብ አይመልስለትም። (ተረቱን አልደግምላችሁም፣ ውሃ ስለጠማው ልጅ ያለውን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።) ከላይ ላለነው ግድባችን አፈሩና ረግረጉ ነው፣ ክረምት የጠጣውን በጋ ቀስ እያለ ሚለቀው መሬት።

ደሞ ስለ አባይ ሲወራ ሰው ሚያየው ጣናንና ጭስ አባይን ነው፣ ፎቶው ያምራላ። ድንበር ከሚደርሰው ውሃ ግን ከጣና ሚወጣው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ሌላውን ሚሞሉት አባይ በረሃ ውስጥ እየገቡ ሚቀላቀሉት ናቸው፣ ከኛ በኩል ጨሞጋ፣ ብር፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ከማዶ በሽሎ፣ ጀማ፣ ጉደር፣ ዴዴሳ። ጣና ራሱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተንጣሎ ጥልቀቱ የትም ቦታ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ምጣድ በሉት፣ ማድጋ አይደለም፣ ፀሐይ ሚወስድበት ውሃ በአባይ በኩል ከሚለቀው አያንስም። ሙቀቱ ሲጨምር ምጣዱ ስር እሳት ተማገደ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም ድርቁም ለመብራት ሚለቀቀውም ተደምሮ ውሃው ወርዶ ጀልባ መሄድ አቅቶት እንደነበር የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም።

ወደ ስራዬ ልመለስ። ድሮ ገበሬው 20 ሜትር ቱቦ ይገዛኝ ነበር፣ አሁን 50 እና 60 ካልሆነ አይጠይቅም፣ ለኔ ገበያ ነው፣ ግን ለምን እንደሆነ አስቡት። ፓምፕ ሽቅብ ይገፋል እንጂ ከ7 ሜትር በላይ መሳብ አይሆንለትም፣ ስለዚህ ውሃው በወረደ ቁጥር ፓምፑም አብሮ ይወርድና የወንዙ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ላይ ይደላደላል። ከዛ ሚያዝያ ላይ ሳይታሰብ ላይ አገር ዶፍ ይጥልና ሌሊት ደራሽ ይመጣል። አምና አንድ ደንበኛዬ፣ አያ ነው ምላቸው፣ ፓምፓቸውን ደራሽ አንከባሎት በጋሪ ጭነው አመጡልኝና "እየው እስቲ ልጄ፣ ይተርፍ እንደሆን" አሉኝ። ስፈታው የኢምፔለሩ፣ ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን ሚገፋው ማለት ነው፣ ክንፎች በአሸዋ ተበልተው ምላጭ መስለዋል፣ ውስጡ የታጨቀውን ጭቃ በማንኪያ ነው የዛቅሁት፣ ቀይ አፈር። አያ በጣታቸው ቆንጠር አርገው አሹትና "ይሄማ የላይኞቹ ማሳ ነው፣ ድንቹን የት አደረግኸው?" አሉኝ፣ ሳቅን። ሽንኩርቱ ግን ደርቆ ቀረ።

ያ አፈር ቢያልፍ ኖሮ ወደ ግድቡ ነበር ሚሄደው። የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ ሆዱን ደለል እየሞላበት ነው በኋላ ከፍታውን የጨመሩለት፣ ህዳሴው ትልቅ ነው እንጂ ደለል አይገባውም ያለ የለም።

ዝናቡ ይጨምራል የሚለውም፣ እሺ ይጨምር፣ የአየር ንብረቱን ሚተነብዩት ሞዴሎች ግን እርስ በርስ አይስማሙም፣ ገሚሱ ይጨምራል ገሚሱ ይቀንሳል ነው ሚለው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለቀው ታዲያ በአንዴ ነው። ተራቁቶ በተቦረቦረ ቁልቁለት ላይ በአንዴ የወረደ ዝናብ መሬት አይገባም፣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ጥር ላይ ምንጩ ደረቅ ነው።

ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብም አልወድም። ባህር ዛፉን ምንጭ አፍ ላይ የተከልነው እኛው ነን፣ አንድ ቀጭን ወንዝ ላይ አስራ ምናምን ፓምፕ ሚደረደረውም እኛው ጋ ነው፣ ሚጠግነው ደሞ እኔ ነኝ። ቢሆንም 7000 ሄክታር ያጠጣል የተባለው ቆጋ ግድብ ስር ያለው ገበሬ ረጅም ቱቦ ሊገዛኝ አይመጣም፣ ከላይ ትንሽም ብትሆን ውሃ የያዘለት ነገር አለዋ።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጋዜጠኛችሁን ላኩት፣ ግን ነሐሴ ላይ ፏፏቴ እንዲቀርጽ አይደለም፣ መጋቢት ላይ ይምጣና ድልድይ ላይ ቆሞ ከሚያይ ታች ይውረድ፣ ጫማው አይረጥብም። ጥር በመጣ ቁጥር በዘመቻ ሚሰራው እርከን ከክረምት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንዳለም ይቁጠርልን። ሱቄ ጎራ ካለ ኢምፔለሩን አሳየዋለሁ፣ አልጣልኩትም።

ፓምፕ ጠጋኙ፣ ከመራዊ