ልጅሽ 13 ዓመት ሞላት አሉኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ የጠፋሁት ከልቤ ወጥተሽ አይደለም። ልጅሽ 13 ዓመት ሞላት ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እኛ በእሷ ዕድሜ እናያቸው የነበሩትን ፊልሞች እያሰብኩ ሰነበትኩ።

እነዚያ ተማሪ ተብለው የሚቀርቡ ውብ ልጃገረዶች ትዝ ይሉሻል? ብዙዎቹን የሠሩት እኮ አዋቂ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ግሪስ» ተማሪዋን ሳንዲን ሆና የሠራችው ኦሊቪያ ኒውተን-ጆን ፊልሙ ሲቀረጽ 28 ዓመቷ ነበር። ለሠሪዎቹ አዋቂ ይቀላቸዋል፤ የሕፃናት የሥራ ሰዓት በሕግ የተገደበ ነውና። ይገባኛል። ግን ብጉር የወጣባት፣ ሰውነቷ ገና የሚለዋወጥ ልጅ ራሷን ከሙሉ ሴት ጋር እያስተያየች «እኔ ምን ጎደለኝ?» ትላለች። ምንም አልጎደላትም!

ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ልጃገረዶች የሚወዱት ነገር ሁሉ መሳለቂያ መደረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሆኑት ቢትልሶች አሜሪካ ሲገቡ እየጮኹ የተቀበሏቸው ልጃገረዶች አብደዋል ተባለላቸው። በኋላ የእነዚያ ሰዎች ሙዚቃ ታላቅነት ሲመሰከር፣ «ልጆቹ ቀድመው ሰምተውት ነበር» ያለ ስንቱ ነው? ለኳስ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸውን ወንድ ማንም አብዷል አይለውም።

ደግሞ በፊልሞቹ ልጅቷ መነጽር አውልቃ፣ ጸጉሯን አስተካክላ ደረጃ የምትወርድበት ያ ትዕይንት አለ። የምትወደው ልጅ የሚያያት ያኔ ነው። ምን ታነባለች፣ ምን ያናድዳታል፣ ከእናቷ ጋር በምን ተጣላች ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሁሌም የምትታየው እሷ ናት፤ እሷ የምታየውን የሚያሳየን ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ አንዱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዳይሬክተር ዶሚ ሺ አኒሜሽን ፊልም «ተርኒንግ ሬድ» የ13 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ስሜቷ ሲገነፍል ትልቅ ቀይ ፓንዳ ትሆናለች። ቁጣዋም፣ እፍረቷም፣ ለምትወደው የሙዚቃ ቡድን ያላት ፍቅርም የእሷ ሆኖ ይታያል፤ የወር አበባ እንኳ ሳይደበቅ ይነሳል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከልጅሽ ጋር እዪው። አደራሽን፣ መሐል ላይ አቁመሽ አትምከሪያት። ሲያልቅ ብቻ ምን እንደተሰማት ጠይቂያትና የምትልሽን እንዳለ ጻፊልኝ። እሷ ራሷ ልትጽፍልኝ ከፈለገችም ደስታውን አልችለውም።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ