ባቄላውን አስቀምጪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ባቲ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ እማ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ታናሼ ብቻ ያንብብልሽ። ጎረቤት ካለ ቡናው አልቆ እስኪሄዱ ይቆይ።

እማ፣ ዕዳ አለብኝ፤ ስደብቅሽ ቆይቻለሁ። በ2014 ከኮምቦልቻ ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ ባዶ እንደነበር ታውቂያለሽ። ፍራሹም ድስቱም የተተካው በብድር ነው። ኋላም በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደመወዜ ወሩን አላደርስ ሲለኝ በስልክ የሚሰጠውን ብድር ወሰድኩ። በዘገየ ቁጥር ክፍያ የሚጨምር ብድር ነው። አንቺ ወለድ እንዴት እንደምትጠዪ እያወቅኩ ወሰድኩት። የረመዳኑን ዒድ ሥራ በዛብኝ እያልኩ የቀረሁት ዓይንሽን ማየት ፈርቼ ነበር።

የባንክ መልእክት ሲመጣ ስልኩን እደፋዋለሁ። ባለሱቁ እንዳያየኝ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነበር የምገባው። ሌሊት ሌሊት ግን ዕዳው ራሴ ውስጥ ይባዛል፤ መቶ ሺህ ያለፈ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ ኩባያዎችሽ ትዝ አሉኝ። ፊደል ሳትቆጥሪ፣ በርበሬ በዱቤ ለወሰደ ሁሉ አንዳንድ ኩባያ ነበረሽ፤ ለአሥር ብር አንድ ባቄላ። ማታ ኩራዙ ሥር ትደፊውና በጣትሽ እየለየሽ ትቆጥሪያለሽ። ከነጋዴው ያመጣሽው ዕዳም የራሱ ኩባያ ነበረው። ገበያው በከፋበት ሰኞ ሳይቀር ያን ኩባያ ሳትቆጥሪ ተኝተሽ አታውቂም። «የሰው ገንዘብ አማና ነው» ትይ ነበር።

ልጆቹ ሲተኙ አምስት ኩባያ ደረደርኩ። የኔ ዕዳ ስለበዛ አንዱን ባቄላ ሃምሳ ብር አደረግኩት። የመምህራኑ የቁጠባና ብድር ማኅበር 360 ባቄላ ወሰደ። የስልኩ ብድር 84፣ የዕቁቡ 80፣ የሥራ ባልደረባዬ 60፣ የሱቁ ዱቤ 49። ስጨምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 31,650 ብር ሆነ። ብዙ ነው። ግን ልክ አለው፤ ስፈራው የኖርኩት ልክ አልነበረውም። አለቀስኩ፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። በየወሩ 500 ልክፈልህ ስለው «አብሽሪ መምህር፣ የጠፋሽብኝ ነገር ቢያሳስበኝ እንጂ» አለኝ። የማኅበሩ ከደመወዜ ስለሚቆረጥ ራሱን እየጨረሰ ነው። እየቆየ የሚጨምረው የስልኩ ብቻ ስለነበር እሱን አስቀደምኩ፤ ባለፈው ወር አለቀ። ሁለተኛ አልነካውም።

አሁን የምለውን ቅር ሳይልሽ ስሚኝ። ባለፈው አረፋ ለቡናው ዕጣን ፍለጋ ሳጥንሽን ስከፍት በሻሽ የተቋጠረ ብር አየሁ። አሮጌው መቶ ብር ነው፤ ስልሳ ሦስቱን ቆጠርኩት። በመስከረም 2013 ብሩ ተቀየረ ሲባል፣ ባለ ሁለት መቶውም ሲወጣ፣ ለመለወጫ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። አንቺም ይህን ሰምተሻል። ወረፋው ላይ፣ ልጆችሽ በሚሆኑ ሰዎች ፊት በአውራ ጣት መፈረም አፍረሽ የቀረሽ መሰለኝ። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ለእኛ መንገር ከበደሽ። መልሼ ቋጠርኩትና ዕጣኑን ይዤ ወጣሁ፤ ያኔ የራሴን ደብቄ ስለነበር ያንቺን የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

ያ ብር አይመለስም እማ። አሁን የምታገኚው ግን ሻሽ ውስጥ አይደር። ባንኮቹ ከወለድ ነፃ የሆነ ሒሳብ አላቸው፤ ወለድ አይገባበትም። በአውራ ጣት መፈረምም ይቻላል። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ እጅሽን ይዤሽ እገባለሁ።

እሑድ ማታ እመጣለሁ። ሰኞ ገበያሽን ውለሽ ግቢ፤ ማክሰኞ ጠዋት ባንክ እንሄዳለን። ሰኞ ማታ ግን፣ ማን ካንቺ እንደወሰደ፣ ለማን ምን እንዳለብሽ፣ ሁሉንም እንቆጥራለን። የኔን ኩባያዎችም ይዤ እመጣለሁ። ባቄላውን ለሹሮ እንዳታስፈጪው።

ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ፣ ከኮምቦልቻ